ጥያቄና መልስ፦ በኒውትሮን ኮከብ እምብርት ውስጥ ኳርክ አለ ወይ?

መላሽ፦ እንጀምር። ኳርክ ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩበት ቅንጣት ነው፤ ኒውትሮን ኮከብ ደግሞ ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀር እጅግ የታጨቀ ቅሪት ነው። ኳርኮቹ ከኒውትሮናቸው ሲፈቱ የሚሆነው «የኳርክ ቁስ» ይባላል። ከወዲሁ ግን፦ ሙሉ በሙሉ ከኳርክ ቁስ የሚሠራው «ኳርክ ኮከብ» ሌላ፣ እምብርቱ ላይ የኳርክ ቁስ ያለበት ኒውትሮን ኮከብ ሌላ። አታምታቱብኝ።

ሰማይ_ወዳድ፦ መምህር፣ ኳርክ ለብቻው አይገኝም ይባል የለ? ታዲያ እዚያ ውስጥ እንዴት ይፈታል?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ለብቻው አይወጣም፤ እዚህም ማንም አላወጣውም። የአቶም አስኳል እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 270 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። በከባድ ኒውትሮን ኮከብ መሃል ይህ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ኒውትሮኖቹ ከመጠጋጋት አልፈው ሲነባበሩ፣ ይህ ኳርክ የየትኛው ኒውትሮን ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም ያጣል። ግሮስ፣ ዊልቼክና ፖሊትዘር በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ደግሞ ኳርኮች በጣም ሲቀራረቡ የሚያስራቸው ኃይል ይላላል። በስንት እጥፍ ላይ እንደሚፈቱ ከንድፈ ሐሳቡ አስልቶ ማውጣት ግን አልተቻለም። ቦታና ጊዜን በፍርግርግ ከፋፍሎ በኮምፒውተር የሚሠራው የላቲስ ስሌት እፍጋቱ ሲበዛ ይከሽፋል፤ የሚደመሩት ቁጥሮች በመደመርና በመቀነስ ምልክት እየተጣፉ መልሱን ያጠፉታል።

ብርሃን፦ ስለ ኳርክ ቁስ በአጭሩ ቢያብራሩልን?

መላሽ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

አቶም፦ ምን ያደክመናል፣ ሰርን ላይ፣ በአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ ተሠርቷል እኮ!

ሰማይ_ወዳድ፦ ወንድሜ፣ እሱ ፕላዝማ ነው፤ ኳርኮች የተፈቱበት የጋለ ሾርባ።

አቶም፦ ፕላዝማውስ ከኳርክ አይደለም እንዴ?

ሰማይ_ወዳድ፦ ነው፤ ግን ትኩስ ነው።

አቶም፦ ኮከቡ ቀዝቃዛ ነው ልትለኝ ነው? ሚሊዮን ዲግሪ!

መላሽ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ሰርን ውስጥ የሚፈጠረው ከትሪሊዮን ዲግሪ በላይ የሞቀ ነው፤ ቶሎም ይበተናል። ያረጀ ኒውትሮን ኮከብ ለእኛም ሆነ ለቴርሞሜትር ትኩስ ነው፤ ከቅንጣቶቹ ጉልበት አንጻር ግን በረዶ ነው። ከአንዱ ተነስቶ ስለ ሌላው መፍረድ አይቻልም።

ጨረቃ፦ ስትሬንጅ ቁስ፣ ያ «ስትሬንጅ» የተባለው ኳርክ ጭምር ያለበት የኳርክ ቁስ፣ ምድርን ይውጣል የሚባለውስ?

መላሽ፦ ጨረቃን የጠፈር ጨረር ሲደበድባት ቢሊዮኖች ዓመታት ሆኗታል። እንዲህ ያለ ቁስ የሚውጥ ቢሆን ኖሮ እሷን በዋጠ ነበር፤ እሷ ግን አለች። ቀጣይ።

ጎህ፦ ባለ 2 ፀሐይ ክብደት ኮከብ ከተገኘ ወዲህ የኳርክ ነገር አከተመ ሲባል አንብቤያለሁ።

መላሽ፦ ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ጄ1614-2230 የተባለው ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኒውትሮን ኮከብ፣ ተመዘነ። ምቱ በጓደኛው ነጭ ድንክ ኮከብ አጠገብ ሲያልፍ በስበቱ የተነሳ በማይክሮ ሰከንዶች ይዘገያል፤ ክብደቱ የተሰላው ከዚያ ነው። የወደቁት ግን ኳርክ ሲመጣ ቁሱ ይለሰልሳል፣ ኮከቡም ይደረመሳል ያሉት ሞዴሎች ብቻ ናቸው። ኳርኮቹ እርስ በርስ አጥብቀው ከተገፋፉ ቁሱ ድርቅ ብሎ 2 ፀሐይ ይሸከማል። እንዲያውም እምብርቱ ላይ ኳርክ ያለበት ኮከብ በክብደትና በራዲየስ ኳርክ ከሌለበት ተራ ኒውትሮን ኮከብ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ስለዚህ ክብደት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ናይሰር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ 2.08 የፀሐይ ክብደት ያለውን ጄ0740+6620 ሲለካ ሁለት ቡድኖች 12.4 እና 13.7 ኪሎ ሜትር ራዲየስ አወጡለት። ከ1.4 ፀሐይ ኮከቦች እምብዛም አላነሰም። ድንገተኛ መደርመስ የለም ማለት ነው እንጂ ኳርክ የለም ማለት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይባስ ብሎ በከባዶቹ መሃል የኳርክ ቁስ መኖሩ ያመዝናል ብሏል።

ብርሃን፦ ስለዚህ ኳርክ ኮከብ ተገኘ ማለት ነው?

መላሽ፦ ኧረ በፈጣሪ! «ኳርክ ኮከብ» የሚል ቃል ወጣኝ? ስለ እምብርት ነው የማወራው። «ያመዝናል» ሌላ፣ «ተገኘ» ሌላ።

ጎህ፦ ታዲያ በምን ይለይ?

መላሽ፦ በግጭት። ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ላይጎና ቪርጎ የተባሉት የስበት ሞገድ መለኪያዎች ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የስበት ሞገዳቸውን ሰምተዋል፤ ግን ከመጋጨታቸው በፊት ያለውን ክፍል። ቁም ነገሩ ከግጭቱ በኋላ ነው፤ ቅሪቱ ከ2 ኪሎኸርዝ በላይ ይንቀጠቀጣል፣ ኳርክ ከተፈታም ድግግሞሹ ከሚጠበቀው ሽቅብ ሊዘል ይችላል። መሣሪያዎቹ እዚያ ላይ ጆሯቸው ደካማ ነው።

አቶም፦ መቼ ይሰማል?

መላሽ፦ የተሻለ ጆሮ ሲሠራ፣ በቅርብ ርቀትም ሁለት ሲጋጩ።