ለትግበራ ምርምር የሕዝብ ገንዘብ ስትጠይቁ፦ ከጅማ ለወጣት ተመራማሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መሥራቱ ዛሬ አያጠያይቅም። የትግበራ ምርምር የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የሚሠራው ነገር ጤና ጣቢያ ሲደርስ ለምን ይሰናከላል?

የስድስት ወር መድኃኒትን በአንድ ጊዜ መስጠትን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ቫይረሱ የተገታላቸው ታካሚዎች በየስድስት ወሩ ብቻ መምጣታቸው እንደሚጠቅም ታውቋል። «ይጠቅማል ወይ?» ብላችሁ ከጻፋችሁ ገምጋሚው ወረቀታችሁን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይተወዋል። ይልቅስ ለሚገባቸው ሁሉ የማይደርስበትን ምክንያት ፈልጉ። የቫይረስ መጠን ውጤት ዘግይቶ ካርዱ ውስጥ ካልገባ ነርሷ ለመወሰን ትፈራለች። ክምችቱ ከሳሳ ፋርማሲው ለሁሉም እንዲዳረስ ቆጥቦ ይሰጣል። 180 ፍሬ ኪኒን ቤቱ የሚያስቀምጥበት ስውር ቦታ የሌለው ታካሚም «የወር ይበቃኛል» ይላል። የሦስቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። ሥልጠና ቢረዳ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ብዙ ፕሮፖዛል ግን ለሦስቱም ሥልጠና ያዝዛል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የአዳራሽና የአበል ወጪው ለታካሚው ምንም አያደርስለትምና።

በእኛ ዞን ደግሞ የቡና ወቅት አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለለቀማ ወደ ጎማና ሊሙ የሚወጣ ሰው ቀጠሮው ኅዳር ላይ ከዋለ ሊቀር ይችላል። መዝገቡ «ከክትትል የጠፋ» ይለዋል፤ እሱ ግን ያለ ዝውውር ወረቀት ከሌላ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን እየወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገብ ብቻ ቆጥራችሁ ውጤት አትጻፉ። የማጣራቱን ሥራ በጀት ውስጥ አስገቡት፤ ስልክ የሚደወልለት አስቀድሞ የፈቀደ ታካሚ ብቻ ይሁን። ለሲቢቲፒ፣ ማለትም ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው ለሚማሩበት ሥልጠና፣ ወጥታችሁ ያያችሁት የገጠር ሕይወት እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

ናሙና ስታሰሉ የተለመደውን 384 ሰው ይዛችሁ አትሩጡ። በአንድ ጤና ጣቢያ የሚታከሙ ሰዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ከየጤና ጣቢያው 20 ሰው ብትወስዱና የመመሳሰሉ መለኪያ (አይሲሲ) 0.05 ቢሆን፣ 19 በ0.05 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት 1.95 ይመጣል። 384 የነበረው በዚህ ሲባዛ 749 ይሆናል፤ ያም 38 ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ዘግይቶ የሚያውቅ ቡድን ሥራው ሳይጋመስ የነዳጅና የአበል በጀቱ ያልቃል።

ኤንአይኤች ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ተቋም የምትጠይቁ ከሆነ፣ አር 21 የሚባለው ድጋፍ በተለምዶ ለሁለት ዓመት እስከ 275,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ይሸፍናል፤ የምርምር ዕቅዱ 6 ገጽ ነው። አር 01 የሚባለው ትልቁ ድጋፍ ደግሞ 12 ገጽ ይፈቅዳል። የዓላማው መግለጫ ለብቻው አንድ ገጽ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚደከምበት እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው አመልካች ለመሆን በአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት የሚያደርገው ምዝገባ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል ከጽሑፉ በፊት እሱን ጀምሩ። የውጭ አገር ተቋማትን የሚመለከቱት ደንቦች በ2017 ዓ.ም. ስለተለወጡ የድሮ ፕሮፖዛል አትገልብጡ።

በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቋረጥ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፦ ፕሮጀክት በቀጠረው ሰው የሚሠራ ሥራ ጤና ጣቢያው ችሎ ይሠራዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ አዲሱን አሠራር የጤና ጣቢያው ቋሚ ሠራተኛ ይሥራው፤ የእናንተ ቅጥረኛ መረጃ ብቻ ይሰብስብ። ነርሷ በአንድ ታካሚ ላይ የምታጠፋውን ደቂቃ ሰዓት ይዛችሁ ለኩ፤ ወደ ደመወዟም ቀይሩት። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህን ቁጥር ነው። እሳቸውንም ለድጋፍ ደብዳቤ ብቻ አትሂዱባቸው። ጥያቄውን ከመጻፋችሁ በፊት የሩብ ዓመት ሪፖርታቸውን አብራችሁ ተመልከቱ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ ለምን ወደኋላ እንደቀረ እሳቸው ያውቃሉ።

የስምምነት ቅጹን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁ፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። የሥነ ምግባር ቦርዱ ቅጹን የሚመልስባችሁ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነውና፣ ሁለቱ ቅጂዎች የተለያዩበትን ቃል ፈልጉና አርሙ።