ለጭንቀቴ ሙዚቃ ብሰማ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጅማ ሒርማታ ሱቅ አለኝ። በብድር ጭንቀት እንቅልፍ አጥቼ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ማታ ጋደም ብዬ ጡንቻዬን በየተራ ወጥሬ እንድለቅ፣ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ፣ ግጥም የሌለው ለስላሳ ሙዚቃም እንድሰማ መከሩኝ። ጎረቤቴ ግን «ይኼ ባዕድ አምልኮ ነው፤ ጸሎት አይበቃሽም ወይ?» አለችኝ። ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትተዪው። ጡንቻን ወጥሮ መልቀቅ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ያዘጋጀው የሰውነት ልምምድ ነው። ስንጨነቅ ትከሻችንና መንጋጋችን ሳናውቀው ይወጠራሉ፤ ሆን ብለሽ ወጥረሽ ስትለቂ ሰውነትሽ ልዩነቱን ይለያል። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማውጣትም የልብ ምትን ያረጋጋል። እዚህ ውስጥ የሚጠራ ባዕድ ስም የለም። የማታውቂውን ቃል ደጋግመሽ በይ ካሉሽ ግን ተመልሰሽ ጠይቂኝ።

ለጎረቤትሽ ኤልያስን አስታውሻት። ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ «ጸልይ» ብሎ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው (1ነገ. 19)።

ገላትያ 5፥21 ላይ «ዘፋኝነት» የተነቀፈው ከስካር ጎን ተሰልፎ ነው። ሱቅሽን ዘግተሽ ጋደም ብለሽ የምትሰሚውን እኔ ከዚያ አልቆጥረውም። ምርጫዬን ከጠየቅሽኝ ግን በገና ነው። የዐሥሩ አውታር ድምፅ ከእንዝራው (ከየአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ጋር ሲመጣ እኔን በበኩሌ ትንፋሼን ያዘገየዋል፤ በዐቢይ ጾምም የሚደረደር ስለሆነ «ጾም ገባ» ብለሽ አታቋርጪውም።

ሳኦልም ሲታወክ ያሳረፈው የዳዊት በገና ነበር (1ሳሙ. 16፥23)። ነገር ግን ያው ሳኦል ያንኑ በገና እየሰማ ዳዊት ላይ ጦር ወርውሯል (18፥10-11)። በገናው አሳረፈው እንጂ ቅናቱን አልነቀለለትም። ያንቺንም ብድር ሙዚቃ አይከፍለውም። ትንሽ እንቅልፍ ስታገኚ፣ በዚያ ጉልበት ሄደሽ አበዳሪሽን አነጋግሪ፤ ዕዳውን ከቤተሰብ ደብቀሽ ከሆነም አውጪው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ሐኪሙ የሰጠሽ መድኃኒት ካለ ደግሞ «ጠበል ጀምሬያለሁ» ብለሽ አትጣዪው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዪ ማለት ድፍረት ይሆንብኛል። የማታውን ግን፣ ከነቶናው ከነበረካው፣ ወደ ጠዋት አዙሪው።