«ብሔር»፣ «እርምጃ»፣ «ትምክሕተኛ»፦ ቃሉ ባለበት ቆሞ ወሰኑ ሲንቀሳቀስ

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ብሔር» የሚለውን ቃል እንድፈታላቸው ጠየቁኝ። የግዕዙ መዝገበ ቃላት «አገር» ይለዋል፤ በምንሞላው ቅጽ ላይ ግን የትውልድ ሐረግ መጠየቂያ ነው። «እርምጃ»፣ «ጠባብ» እና «ትምክሕተኛ» የሚሉትም እንዲሁ ያስቸግሩኛል። የፖለቲካ ድርጅቶች የቃላትን ፍቺ እንዳሻቸው መለወጥ ይችላሉ? ይህስ የቋንቋ ስሕተት አይባልም?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። ስሕተት አይባልም። ቃል የተናጋሪዎቹ ነው፤ የፖለቲካ ድርጅትም እንደ ማንኛችንም ተናጋሪ ነው፤ የለወጠው ፍቺ በሰው አፍ ከገባ የቋንቋ ምሁር መዝግቦ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። ይሁን እንጂ የለውጡን ስልት ማወቅ ያስፈልጋል። ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ አዲስ ቃል አይፈጥሩም፤ ክብር ወይም ነውር አስቀድሞ የተጫነበትን ቃል ይመርጡና ክብሩን ወይም ነውሩን ሳይነኩ ቃሉ የሚያካትተውን ነገር ብቻ ያሰፋሉ ወይም ያጠባሉ። ሰሚው የሚያውቀው ስሜት ስላልተነካበት ወሰኑ መንቀሳቀሱን ልብ አይለውም።

ለዚህ ከ«ብሔር» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በግዕዝ ምድር፣ አገር፣ ሥፍራ ማለት ነው። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ «እግዚእ» እና «ብሔር» ተናበው የሠሩት ሲሆን የዓለም ጌታ፣ የአገር ባለቤት እንደ ማለት ነው። «ብሔረ ሕያዋን»ም የሕያዋን አገር ነው እንጂ የሕያዋን ወገን አይደለም፤ ለወገንማ ግዕዝ «ነገድ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ነበረው። የተማሪዎች ንቅናቄ በተፋፋመበት ዘመን፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፎ ካቀረበ በኋላ፣ ከማርክሳዊ ጽሑፎች ለመጡት ስያሜዎች የአማርኛ አቻ ማግኘት ግድ ሆነ። «ነገድ»ም «ጎሣ»ም በእጅ ነበሩ፤ የጸናው ግን «ብሔር» እና ከእርሱ የተሠራው «ብሔረሰብ» ነው። በእኔ ግምት ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። «ብሔር» የተባለ ወገን አገርነትን በስሙ ውስጥ ይዞ ይመጣል፤ ስለ ምድርና ስለ ሥልጣን የሚደረገው ክርክር ገና ሳይጀመር በስያሜው ግማሽ መንገድ ተሄዷል። ይህን የሚቃወሙትም ከቃል ጨዋታው ነፃ አይደሉም፤ ያንኑ ሕዝብ «ጎሣ» ሲሉት ጥያቄውን የቤተ ዘመድ ጉዳይ አድርገው ያሳንሱታል። ሁለቱም ወገኖች ክርክራቸውን በማስረጃ ከመጀመራቸው በፊት በስም ጨርሰውታል።

ቃሉ ከዚያ ወዲህም አላረፈም። ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም «ብሔራዊ» ማለት መላውን አገር የሚመለከት ሲሆን ክፍሎቹ «ብሔረሰቦች» ተብለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» ብሎ ለሦስቱም አንድ ፍቺ ሰጥቷል፦ የጋራ ባሕልና ቋንቋ፣ የተዛመደ ህልውና፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር። የፍቺውን አካሄድ ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ብሔር ከሰጠው ትርጓሜ ጋር ያነጻጸረ ሰው ዝምድናውን ለማየት አይቸገርም። ስለዚህ ተማሪዎችዎ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ቢጠይቁዎና መልስ ቢያጡ አይፈሩ፤ ሕጉም አልለያቸውም። ቅጽሉ ደግሞ በሁለት ቢላ መብላቱን ቀጥሏል፤ «ብሔራዊ ባንክ» ስንል የአገሪቱ በሙሉ ነው፣ «የአፋር ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» ስንል ግን ያው ቃል ከአገሪቱ አንዱን ክፍል ያመለክታል።

ነገሬን ካላስረዘመብኝ «ሕዝቦች» ስለሚለውም አንድ ነገር ልጨምር። «ሕዝብ» ብዙዎችን በአንድ የሚጠቀልል ስም ስለሆነ ብዙ ቍጥር እምብዛም አያስፈልገውም ነበር። የግዕዙ ብዙ «አሕዛብ» በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ያላመኑትን ስለሚያመለክት ለፖለቲካ አልተመቸም፤ ስለዚህ «-ኦች» ተቀጠለለት። ዛሬ «የኢትዮጵያ ሕዝብ» እና «የኢትዮጵያ ሕዝቦች» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ያቺ አንዲት ቅጥያ ናት፤ ተናጋሪው የትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ እርሷ ትበቃለች።

«እርምጃ» የተለወጠበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው፤ ለውጡ የመጣው በሰዋስው በኩል ነው። ቃሉ ከ«ተራመደ» የወጣ፣ ማንንም የማይጎዳ የእግር ጉዳይ ነበር። አማርኛ ግን «-ለት» እና «-በት» የሚሉ ሁለት ቅጥያዎች አሉት፤ «መሰከረለት» ጥቅም ነው፣ «መሰከረበት» ጉዳት ነው። «እርምጃ» ከ«ወሰደ» ጋር ተጣምሮ፣ ግሡ ተገብሮ ሆኖ፣ «-በት» ሲከተለው «እርምጃ ተወሰደበት» የሚል ሐረግ ይወጣል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። ሐረጉን ገልጠው ቢያዩት ገዳይ የለበትም፣ መግደልም የለበትም፤ ያለው መራመድ ብቻ ነው። «ሽብር» የሚለውስ? በዚያ ዘመን መንግሥት የራሱን ሥራ «ቀይ ሽብር» ብሎ በኩራት አወጀ፣ የተቃዋሚዎቹን «ነጭ ሽብር» አለው፤ ነውሩ ከቀለሙ እንጂ ከሽብሩ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ሲወጣ ግን ቃሉ ባለቤት የሌለው፣ ማንም በራሱ ላይ የማይጠራው ነውር ሆኖ ነበር።

«ጠባብ» እና «ትምክሕተኛ» በኢሕአዴግ ዘመን ጥንድ ሆነው የተሠራባቸው መፈረጃዎች ናቸው። የመጀመሪያው መነሻው «ጠባብ ብሔርተኛ» ነበር፤ ሲደጋገም ስሙ ተጣለና ቅጽሉ ብቻውን ቀረ፣ ከዚያም «ጠባቦች» ተብሎ በዛ። የሚጠበው ምን እንደሆነ የሚናገረው ቃል ስለሄደ ማስረዳቱም አብሮ ቀረ። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል፤ «ትምክሕት» በግዕዝ የሚመኩበት ነገር ስለሆነ እመቤታችን ማርያም «ትምክሕተ ዘመድነ» ትባላለች። «-ኛ» ሲጨመርበት ግን ሥራው ጠባይ ሆነ። የተመካ ሰው ንግግሩን ሊመልስ ይችላል፤ «ትምክሕተኛ» የተባለ ሰው ግን እንደ «ነገረኛ» ሁሉ ዘወትር እንደዚያ ነው፣ የሚመልሰውም ነገር የለውም። («ኪራይ ሰብሳቢ»ን አልጠየቁኝም፤ የምጣኔ ሀብት ስያሜ ቃል በቃል ተተርጕሞ፣ ሁለት ክፍል አከራይቶ የሚኖረውንም ጡረተኛ በቃሉ አስገብቶታል ብዬ ልለፈው።)

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ምን ያድርጉ? «ብሔር»ን ሲያስተምሩ አንዱን ፍቺ ትክክል ሌላውን ስሕተት አይበሉ፤ የግዕዙን፣ የ1968ቱን እና የ1987ቱን ጎን ለጎን ጽፈው እያንዳንዱ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስወጣ ያሳዩ። ለመፈረጃ ቃላት ደግሞ ተናጋሪው የሰጠውን ፍቺ ወስደው በራሱ ወገን ላይ እንዲሞክሩት ይጠይቋቸው፤ በባላጋራው ላይ የሠራው መስፈርት በእርሱ ላይ የማይሠራ ከሆነ በእጃቸው የያዙት ስድብ ነው እንጂ ፍቺ አይደለም። «እርምጃ ተወሰደበት» የሚል ዜና ሲያጋጥማቸውም በቦታው «ተቀጣ»፣ «ከሥራ ተባረረ»፣ «ታሰረ» ወይም «ተገደለ» የሚለውን ተክተው ያንብቡት፤ ከአራቱ የትኛው እንደሚስማማ ከዜናው ማወቅ ካልቻሉ ጸሐፊው ያልነገራቸውን ነገር አግኝተዋል ማለት ነው።