ጭስ የለውም ለምትሉኝ ልጆቼ

በጥርስ ሕክምና ዕድሜዬን ስጨርስ ከወጣቶች ደጋግሜ የሰማሁት መከራከሪያ «ዶክተር፣ እኔ አላጨስም፤ ከንፈሬ ሥር ትንሽ ሱረት ነው የምይዘው» የሚል ነው። ሱረት የተፈጨ ትምባሆ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ጭስ ስለማይገባ ግን ነገሩ ንጹሕ ይመስላችኋል።

እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ከንፈራችሁን ገልበጥ አድርጉት። ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ሱረቱን በሚያኖርበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ፣ የተጨማደደ ነገር ይታያል። ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ብቅ ይላል። ክፋቱ አለማመሙ ነው፤ ብዙው ሰው ወደኛ የሚመጣው ከቆሰለ በኋላ ነው። «ለጥርስ ሕመም መድኃኒት ነው» ብሎ የሚይዝም አለ። ሕመሙ ጋብ ሲልለት የዳነ ይመስለዋል፣ ጥርሱ ግን ከሥር መበስበሱን አይተውም።

ትምባሆ ባይቃጠልም መርዝነቱ አይቀርም። ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይፈጠሩበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የማይጨስ ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣ ካረጋገጠ ቆይቷል። ቶምባክ በሚባለው የሱዳን ሱረት ላይ ደግሞ አትሩን የሚባል የሶዳ ዓይነት ይጨመርበታል፤ አትሩኑ ሱስ የሚያስይዘውን ኒኮቲን ቶሎ ወደ ደም ያሳልፈዋል። ሱሱ ከሲጋራ የማያንሰውም ለዚህ ነው።

ሾን ማርሲ የሚባል የአሜሪካ ኦክላሆማ ልጅ ነበር፣ ጎበዝ ሯጭ። በ12 ዓመቱ ሱረት ጀመረ። ምላሱ ላይ ካንሰር ወጣበት፤ ከምላሱ ቆርጠው ወሰዱ፣ ቀጥሎ ከአንገቱ፣ ቀጥሎ ከመንጋጋው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት 19 ዓመቱ ነበር። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሾን ግን 21 አልደረሰም።

«አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ወስደው ምን ሆኑ?» ትሉኛላችሁ። አፋቸው ቆስሎ የሞቱትን የዚያን ዘመን ሰዎች ማን መርምሮ ነው ምክንያቱን ያወቀው?

ማቆም ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ራስ ያምማል፣ ሰው ያስጠላል። ነጣ ያለው ነገር ግን ካቆማችሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ እኔ ደስ የሚለኝ ይህን ማየት ነው። ሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ወይም እብጠት አፋችሁ ውስጥ ካለ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሱረት እንደምትይዙም አትደብቁት።