አብሽ፣ ግብጦ፣ ሬት፦ የስኳርና የደም ግፊት ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ እናቴ ስኳር አለባት። ጠዋት ጠዋት አብሽ በማር ትጠጣለች። መጠኑ ስንት ይሁን?

መልስ፦ መጀመሪያ ማሩ ይቅር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ነው፤ አብሹ የሚያወርደውን ማሩ ይመልሰዋል። አብሽ ይረዳል፣ በጥቂቱ ግን። የሚሠራው የሚያሟልጨው ክፍሉ ነው፤ ሆድ ውስጥ አብጦ የምግቡ ስኳር ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገያል። ስለዚህ ከቁርስ ጋር ይወሰድ። በአንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ትጀምር፤ ሆዷ ካልተነፋ ወይም ካላስቀመጣት ቀስ በቀስ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ (10 ግራም ገደማ) ታድርስ። ማታ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት መትታችሁ ድቃቁን ጭምር ትጠጣ። አጥልሎ ውኃውን ብቻ መጠጣት ዋናውን መድፋት ነው።

ሌላ ኪኒን ካላት በመካከሉ 2 ሰዓት ይለፍ። ግሊቤንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) የምትወስድ ከሆነ ስኳሯ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሊወርድ ይችላል። ካላባትና ከተንቀጠቀጠች 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ስጧት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አትስጡ፤ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ግብጦ ደም ግፊት ያወርዳል ይባላል። ፍሬውን የሚበላ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ የሚጠጣ፣ አረቄውን የሚጎነጭ አለ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ፍሬው ብቻ፣ እሱም ምሬቱ ሲወጣለት። ፕሮቲንና አሰር የበዛበት፣ ስታርች እምብዛም የሌለው ምግብ ነው፤ በዳቦ ፋንታ ቢበላ ስኳር አያንርም። መራራው ግን አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነው፦ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሽንት ይከለክላል፣ የልብ ምት ያዛባል። የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ መጠጣት ያንኑ ያወጣችሁትን መርዝ መልሶ መጠጣት ነው። የልብ ሕመምተኛማ ጨርሶ አይንካው።

አሠራሩ፦ ፍሬውን አሳድራችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅሉና ውኃውን ድፉ። ከዚያ በቀን 3 ጊዜ በሚለወጥ ውኃ ከ4 እስከ 5 ቀን ይቆይ። ሦስት አራቱን ልጣችሁ መሐሉን ንከሱ፤ ምላስ ላይ ምሬት ከቀረ አንድ ቀን ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከተቆላ ወይም ከበሰለ መርዙ የሞተ ሲመስለው ነው። እሳት አያጠፋውም፣ ውኃ ነው የሚያወጣው። ወንዝ ውስጥ የዘፈዘፋችሁት ከሆነ ከመብላታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አፍሉት። ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው አይነስንስበት።

አረቄው ከግብጦ ስለወጣ መድኃኒት አይሆንም፤ አልኮል ራሱ ግፊት ይጨምራል። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ስኳሩን ሌሊት በተኛበት ሊጥለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ልቤ ደክሟል ተብዬ ላሲክስ (ሽንት የሚያሸና ኪኒን) እና ዲጎክሲን (የልብ ኪኒን) እወስዳለሁ። ሬት ልጨምር?

መልስ፦ አይሆንም። የሬት መራራ ቢጫ ፈሳሽ ያስቀምጣል፤ በተቅማጡ ፖታሲየም (ልብ በትክክል እንዲመታ የሚያስፈልግ ማዕድን) ይወጣል፣ በዚያ ላይ ላሲክስም ያስወጣዋል። ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን መርዝ ይሆናል። ዲጎክሲን ራሱ ከተክል የተገኘ ነው፤ በማዳኛውና በመግደያው መጠን መካከል ያለው ርቀት ግን ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርትስ?

መልስ፦ በወጥ ውስጥ እንደልብዎ። በጥሬው አብዝቶ መዋጥ ግን ከአስፕሪን ወይም ከዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ኪኒኖች) ጋር ደም ሊያፈስ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ካለብዎ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀድመው ያቁሙ።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት ኪኒኔን ውጬ የግራዋ ጭማቂ ብጠጣ?

መልስ፦ ኪኒኑ ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ያለምግብ መዋጡ ብቻውን አደጋ ነው፤ ግራዋ ሲጨመርበት ይብሳል። ግራዋ ስኳር እንደሚያወርድ የታየው በአብዛኛው በአይጦች ነው፣ ለሰው የተለካ መጠን የለውም። የኪኒኑን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቅጠል የሚያውቅ ሰው አቁሙት አለን።

መልስ፦ እህቴ፣ አንድም ቀን አይቋረጥ። የእሷ ቆሽት ኢንሱሊን አያመርትም፤ ያንን የሚተካ ቅጠል የለም። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷት።

ጥያቄ፦ የጀመርኩት ነገር መሥራቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከመጀመርዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆድ ለክተው ይጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ኪኒኑንም ምግቡንም ባሉበት ይተዉ። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ቀረፋ በአንዴ ከጀመሩ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ አይለዩም። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ (ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን) ደግሞ ከሦስት ወር በፊት ቢያሠሩት ለውጡን አያሳይም።