ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) ለቀለብ ዕዳ ሲመጣ በር ልክፈትለት ወይ ላልከው

አትክፈት፤ ግዴታ የለብህም። እንግሊዝ ውስጥ ለውዝፍ የልጅ ቀለብ የመጣ ቤይሊፍ መጀመሪያ ሲመጣ በር ሰብሮ አይገባም። ያልተቆለፈ በር ካገኘ ግን ሰተት ብሎ ቢገባ ሕጋዊ ነው። ቆልፍና በመስኮት አነጋግረው።

መኪናዬስ ላልከው፣ ውጭ ከቆመች ጎማዋን ቆልፈው ሊወስዷት ይችላሉ። ሚኒካብ (ታክሲ) ብትሠራባትም፣ የሥራ ዕቃ ተብሎ የሚታለፍልህ በጠቅላላ እስከ 1,350 ፓውንድ የሚያወጣ ብቻ ነው። ፕሪየስ መኪናህ ደግሞ ከዚያ በላይ ሳታወጣ አትቀርም።

ዛሬውኑ የልጅ ቀለብ ለሚያስከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለቻይልድ ሜንቴናንስ ሰርቪስ፣ ደውልና በየወሩ የምትችለውን ንገራቸው። ቤይሊፉ ዕቃህን ዘርዝሮ «እዚህ ጋ ፈርም» ካለህ አትቸኩል። ፈርመህ ክፍያ ካቋረጥክ፣ አስቀድሞ አሳውቆህ በር ሰብሮ መግባት ይችላል።

«ባዶ እጁን ከተመለሰ አለቀ» የሚሉህን አትስማ። ፍርድ ቤት መንጃ ፈቃድ ሊያግድ፣ እስከ 6 ሳምንትም ሊያስር ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያሉ ስንት ወንድሞች ለእናትየው በእጅ ሰጥተው፣ እሷ አልተቀበልኩም ስትል ማስረጃ አጥተው አይቻለሁ። ከእንግዲህ በባንክ ብቻ ላክ፤ ማስታወሻው ላይም «የልጅ ቀለብ» ብለህ ጻፍበት።