ሚኒሞ አልይዝ ያለ የቆየ መኪና

ጥያቄ፦ የምነዳው የቆየ ባለቤንዚን የጭነት መኪና ነው፤ ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) የሚሳበው በኬብል ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ግን እግሬን ከነዳጅ ፔዳሉ ሳነሳ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ስሮትል ቦዲው (የስሮትሉ ቤት) ላይ ያለውን ብሎን ትንሽ አጥብቀው የሚሉኝ አሉ። ልንካው?

መልስ፦ እባክዎ አይንኩት። ብሎኑ የተሠራው ሚኒሞ ለማስተካከል ሳይሆን የስሮትሉ ክዳን ሲዘጋ ግድግዳው ላይ እንዳይነክስ ነው፤ ልኩም ከፋብሪካ የወጣ ነው። ሲያጠብቁት ክዳኑ ይከፈታል፣ ክዳኑ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የስሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ንባብም አብሮ ይለወጣል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ፔዳል የተረገጠ ይመስለውና ሚኒሞውን መቆጣጠር ሊተው ይችላል። አንድ ብልሽት ሳይጠገን ሁለተኛ ይጨመርበታል።

እርስዎ የነገሩን ምልክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጥቀርሻ ነው። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት እንፋሎት በፒሲቪ ቱቦ (እንፋሎቱን ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ በሚመልሰው ቱቦ) ተመልሶ ይገባና በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ይጋገራል። አየር የሚያልፍበት ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ስስ ጥቀርሻ ይበቃዋል። ጠዋት ደህና የሚሆነው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚኒሞ አየር ቫልቩን ሰፋ አድርጎ ስለሚከፍተው ነው፤ ሲሞቅ ቫልቩ ይጠብና የጎደለው አየር ያኔ ይታወቃል።

ሞተሩን አጥፍተው ያቀዝቅዙ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ፣ የአየር ቱቦውን ያውልቁ። ክዳኑን በእጅ ከፍተው ጀርባውን በባትሪ መብራት ይዩት፤ ጥቁር ቀለበቱ በአብዛኛው የሚደበቀው ከጀርባ ነው። የስሮትል ቦዲ ማጽጃ በጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ላይ አድርገው ይጥረጉ። በካቻቢቴ ፈጽሞ አይፋቁ፤ የተጫረ ጠርዝ አየር ያሳልፋል፣ አንዳንዱም ክዳን ልዩ ቅብ አለው። ከዚያ የሚኒሞ ቫልቩን ፈትተው ጫፉንና ጫፉ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ያጽዱ። ፈሳሹ ቫልቩን ወደሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር እንዳይገባ ጫፉን ወደ ታች ይዘው ይሥሩ፤ ጫፉንም በእጅ አይሳቡት፣ ውስጡ ያለው ጥርስ ይበላሻል።

ሳይገጥሙ በፊት የክዳኑን ዘንግ ይዘው ላይና ታች ያነቃንቁት። ጎልቶ የሚታወቅ ልቅነት ካለ አየሩ የሚገባው በዘንጉ ጎን ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ማጽጃ አያድነውም። ቡሽው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ይቀየራል፣ ወይም ስሮትል ቦዲው ራሱ።

ጥያቄ፦ ስሮትል ቦዲውን ፈትቼ ካጸዳሁ ወዲህ ሚኒሞው በደቂቃ 1500 ዙር ላይ ወጥቶ አልወርድ አለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ኬብሉን ይዩ፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጥቂት መላላት አለበት። ኬብሉ ደህና ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ለቆሸሸው ስሮትል የለመደውን አየር አሁንም እየሰጠ ይሆናል። ባትሪውን ለ15 ደቂቃ ፈትተው ይመልሱ፤ ከዚያ ኤሲና መብራት ሳይከፍቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ በሚኒሞ ይተዉት። አንዳንድ ሞዴል የራሱ አሠራር ስላለው የጥገና መጽሐፉን ያዩለታል።

አሁንም ካልወረደ በስሮትል ቦዲውና በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) መሃል ያለውን ጋስኬት ይጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ውሃ በመርጫ ጥቂት ጥቂት ይርጩ፤ ኤሌክትሪክ ማገናኛዎች ላይ ግን አያድርሱ። የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ላይ አየር እየገባ ነው። በካርቡራተር ማጽጃ የሚሞክሩም አሉ፤ ከጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ እሳት ስለሚያስነሳ አንመክርም። የተፈታ ጋስኬት መልሶ አይገጠምም። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ በመጽሐፉ ልክ ያጥብቁ፤ የአሉሚኒየም ጥርስ ቶሎ ይበላል።

ጥያቄ፦ ፔዳሉን ቀስ ብዬ ስረግጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሞተሩ ይደናቀፋል። ከዚያ ካለፈ ደህና ይሄዳል።

መልስ፦ የስሮትል ፖዚሽን ሴንሰሩን ይለኩ። ብዙ ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፤ 5 ቮልት፣ መሬት እና ምልክት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የምልክቱ ሽቦ ስሮትሉ ሲዘጋ ወደ 0.5፣ ሙሉ ሲከፈት ወደ 4.5 ቮልት ያሳያል፤ ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ዋናው በመሃል ሳይቋረጥ መውጣቱ ነው። ስሮትሉን በጣም በዝግታ ይክፈቱ፤ ለዚህ ባለ ቀስት መልቲሜትር ከዲጂታሉ ይሻላል፣ ቀስቱ ድንገት ሲወድቅ በዓይን ይታያል። ውስጡ ያለው መንገድ የሚያልቀው ሹፌሩ ፔዳሉን አዘውትሮ በሚይዝበት ቦታ ነው። ማገናኛው ዝገት እንደሌለው አይተው ቀስቱ አሁንም እዚያው ከወደቀ ሴንሰሩን ይቀይሩ።